የአንገት ዕጢ ኦቫሪ ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 36 ነው። ሆዴ እየተነፋ፣ በግራ በኩል ከእምብርቴ በታች እየከበደኝ ቆይቼ በአልትራሳውንድ ስታይ ግራ ኦቫሪዬ (የእንቁላል ማፍሪያዬ) ላይ 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ተገኘ። ሆዴ ውስጥም ትንሽ ውኃ አለ ተባልኩ። ሲኤ 125 የሚሉት የደም ምርመራ 210 ሲመጣ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብለው አስደነገጡኝ። ግራ ኦቫሪዬ ከነቱቦው ወጣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው የፓቶሎጂ ውጤት ግን ‹ስትሩማ ኦቫሪ፣ የካንሰር ምልክት አልታየበትም› ይላል። ሐኪሜ የታይሮይድ ሥጋ ነው አለኝ። እኔ እኮ አንገቴ ላይ እንቅርት የለብኝም! የአንገት ዕጢ እንዴት ማሕፀኔ አጠገብ ይገኛል? በእርግጥ ካንሰር አይደለም? አክስቴ የአንገትሽንም ታይሮይድ ቶሎ አስወጪው ትለኛለች። መውለድስ እችላለሁ? አዮዲን ያለው ጨው መብላትስ ልተው?»

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የሚያስፈራዎትን ላስቀድም። ውጤቱ እንደጻፉት ከሆነ የነበረብዎት ካንሰር አይደለም፤ ዕጢውም ወጥቷል። የአንገትዎን ታይሮይድ ለማስወጣት የሚያበቃ ምክንያት የለም። በቀረዎት ኦቫሪ መውለድ ይችላሉ። ከጻፉት ውስጥ ግን አንድ ነገር ጎድሎ አገኘሁት፤ የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ሆነ በኋላ ተሠርቶልዎት ከሆነ አልጠቀሱትም። ካልተሠራ ይሠራልዎት። ለምን እንደምል ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ። ታማሚ ብዙም አላገኝም፤ የማገኘው ከቀዶ ሕክምና ክፍል በፎርማሊን ተነክሮ የሚመጣውን ሥጋ ነው። ስለዚህ መልሴ ሐኪምዎ ከሚሰጥዎት ትንሽ ቢለይ አይግረምዎት፤ ነገሩን ከጠረጴዛዬ ላይ እንደሚታየኝ ነው የምነግርዎት።

ተማሪ ሳለን አስተማሪያችን አንድ ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቶ «ይህ ከየት የተወሰደ ነው?» አለን። ስሙ የተጻፈበትን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኖታል። አየነው። ክብ ክብ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ግድግዳ አንድ ረድፍ ሕዋስ ነው፣ ሆዳቸው ደግሞ ኮሎይድ በሚባል ሮዝ ቀለም ባለው ወፍራም ፈሳሽ ተሞልቷል። በሰውነታችን ውስጥ እንዲህ ያለ መልክ ያለው አንድ አካል ብቻ ስለሆነ ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ መሰለን። «ታይሮይድ!» አልን በአንድ ድምፅ። ፕላስተሩን ሲልጠው «ቀኝ ኦቫሪ» ይላል። ተሳስተን አልነበረም፤ ታይሮይድ ነው። ያደገበት ቦታ ነው እንጂ ሥጋው ምንም ልዩነት የለውም። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ስላይድ አየሁ፣ አሁንም ግን ከየት እንደመጣ ካልተነገረኝ የአንገቱንና የኦቫሪውን በመልክ ብቻ እለያለሁ ብዬ አልወራረድም።

ስሙም ይህንኑ ነው የሚናገረው። ስትሩማ በሐኪሞች ላቲን እንቅርት ማለት ነው፤ ስትሩማ ኦቫሪ ደግሞ የኦቫሪ እንቅርት። «እንቅርት የለብኝም» ብለዋል፤ ነበረብዎት፣ ግን አንገትዎ ላይ አልነበረም። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የሲስቱ ድንጋጤ ሳይበርድ የታይሮይድ ስም ሲጨመርበት ግራ መጋባትዎ የሚጠበቅ ነው። ቋንቋችንም ነገሩን ያከብደዋል፤ «ዕጢ» የምንለው ቃል ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤናማ አካልም፣ ያለ ቦታው ያበጠውን እብጠትም ይጠራል። ለታማሚ «ዕጢ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሐኪም ሲያጋጥመኝ የምናደደው ለዚህ ነው።

እንዴት እዚያ ደረሰ ለሚለው፣ አብዛኛው ሰው ከአንገት ተነሥቶ የወረደ ይመስለዋል። አልወረደም። እውነት ነው፣ ታይሮይድ መንገደኛ ዕጢ ነው፤ ጽንሱ 4 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከምላስ ሥር ይጀምርና እስከ 7ኛው ሳምንት ድረስ ወርዶ አንገት ላይ ይቀመጣል። አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል፤ ታይሮይዱ በሙሉ ምላሱ ሥር የቀረ ሰው አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኦቫሪ የሚያደርስ መንገድ ግን የለም።

የእርስዎ የመጣው ከእንቁላል ነው። ኦቫሪ ውስጥ የተከማቹት እንቁላሎች እያንዳንዳቸው ሙሉ ሰው ለመሥራት የሚበቃ መመሪያ በውስጣቸው ይዘው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ አንዱ የወንድ ዘር ሳይነካው በራሱ ጊዜ መከፋፈል ይጀምራል። ጽንስ አይሆንም፣ ሊሆንም አይችልም፤ ግን በእጁ ያለውን መመሪያ ሥርዓት በሌለው መንገድ ያነባል። እዚህ ቆዳ፣ እዚያ ፀጉር፣ ወዲያ አጥንት፣ አንዳንዴ ጥርስ ይሠራል። ይህ ነው ቴራቶማ የሚባለው፤ በብዛት የሚታየው ዐይነት ደርሞይድ ሲስት ተብሎ ሲጠራ ሳይሰሙ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ጥናት የእነዚህ ዕጢዎች የዘር ምልክት ከባለቤቷ ሴት ጋር ሲነጻጸር፣ ዕጢው ከራሷ አንድ እንቁላል ብቻ የበቀለ መሆኑ ታይቷል። እንግዲህ ያልተወለደ መንታ አይደለም፣ የከሸፈ እርግዝናም አይደለም፤ ከበሉት፣ ከወሰዱት የእርግዝና መከላከያ ወይም ካሳለፉት ሕይወት ጋርም አይያያዝም። ይህን አጥብቄ የምናገረው አንዳንድ ሴቶች ውጤቱን ሲያነቡ በልባቸው ራሳቸውን ሲከሱ ስለሚኖሩ ነው።

ከእነዚህ ቴራቶማዎች መካከል በአንዳንዶቹ ውስጥ ቅንጣት የታይሮይድ ሥጋ ማግኘት ለእኛ ብርቅ አይደለም። ከሌላው ሁሉ ታይሮይዱ አይሎ ከዕጢው ከግማሽ በላይ ሲይዝ ግን ስሙ ይቀየርና ስትሩማ ኦቫሪ ይባላል። ይህ ከ100 ቴራቶማዎች በ3ቱ ገደማ ላይ ብቻ የሚታይ ነው፤ ከኦቫሪ ዕጢዎች ሁሉ ሲሰላ ደግሞ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ዕድሜያቸው በ40ዎቹና በ50ዎቹ ውስጥ ባሉ ሴቶች ይበዛል፤ እርስዎ ትንሽ ቀደም ብለዋል፣ ግን እንግዳ አይደሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፤ ከ130 ዓመት በላይ የምናውቀው ነገር ነው ማለት ነው።

ዕጢው ሲቆረጥ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት፤ ብዙ ሰው የራሱን አካል ሳያየው ነው የሚቀረው። ተራ ደርሞይድ ሲከፈት እንደቀለጠ ቅቤ ያለ ቢጫ ቅባት ይፈስሳል፤ ውስጡ የፀጉር ጉንጉን አለ፣ ጓንቱን ሁሉ ቅባት በቅባት ያደርገዋል። ስትሩማው ሌላ ነው። ቢላዋው ሲገባ ቅባት አያገኝም፤ የሚገኘው እንደ ጠቆረ ማር ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ነው፣ በብዙ ክፍልፋይ ከረጢቶች ተከፋፍሎ የተቀመጠ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ። ከአንገት የወጣ እንቅርት ስንቆርጥም የምናየው ይኸው ነው። ይህ ዝልግልግ ኮሎይዱ ነው፤ ሆርሞኑ ተጠምቆ የሚቀመጥበት መጋዘን።

ይህ ኮሎይድ ነው ከቀዶ ሕክምና በፊት ሁሉንም ሰው የሚያሳስተው። አልትራሳውንድ ላይ ዕጢው ብዙ ክፍል ያለው ሲስት ሆኖ፣ በመሐሉ ደንደን ያሉና ደም የሚዘዋወርባቸው ክፍሎች ይዞ ይታያል። ልክ እንደዚህ ያለ መልክ የኦቫሪ ካንሰርም አለው። ኤምአርአይ ላይ ወፍራሙ ኮሎይድ በአንዱ ዐይነት ምስል ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት ሊጠረጥር ይችላል፤ ጠርጥሮ ግን እርግጠኛ የሚሆን የለም። ስለዚህ «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» ያሉዎት ሰዎች ከምስሉ ተነሥተው ሲናገሩ ተሳስተዋል አልልም። አነጋገራቸው ግን ለስለስ ቢል ይሻል ነበር፤ ምስል ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ የበሽታ ስም አይሰጥም።

ስለ 210ሩም እንዲሁ። ሲኤ 125ን የኦቫሪ ካንሰር ምርመራ አድርጎ የሚያስበው ብዙ ነው። አይደለም። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በተቆጣ ቁጥር ይህን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅቃል። ከ35 በታች ከሆነ እንደ ጤናማ ይቆጠራል፤ ግን ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማሕፀን ውጪ የሚበቅልበት ሕመም)፣ የሆድ ቲቢ፣ እርግዝና፣ የወር አበባ እንኳ ከ35 በላይ ሊያወጣው ይችላል። በተለይ ሆድ ውስጥ ውኃ ከቋጠረ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ቁጥሩ ይወጣል። ሆድዎ ውስጥ ታየ የተባለው ውኃም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1937 ጆ ቪንሰንት ሜግስ የተባለ አሜሪካዊ የማሕፀን ሐኪም ከባልደረባው ጋር ሰባት ሴቶችን ገለጸ፤ ኦቫሪያቸው ላይ ፋይብሮማ የተባለ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ አለ፣ ሆዳቸውና የሳንባቸው ዙሪያ ውኃ ቋጥሯል፣ ዕጢው ሲወጣ ውኃውም ይጠፋል። ሌሎች ዕጢዎችም ይህንኑ ሲያደርጉ ሐሰተኛ የሜግስ ሕመም ይባላል፤ ስትሩማ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሆዷ በውኃ ተነፍቶ፣ ሲኤ 125ዋ በመቶዎች ወጥቶ፣ የተስፋፋ ካንሰር ነው ተብላ ገብታ ስትሩማ ብቻ ሆኖ የተገኘላት ሴት በሕክምና መጽሔቶች ላይ ደጋግማ ትታያለች። የእርስዎም ቁጥር ዕጢው ከወጣ በኋላ ወደ ታች መውረድ አለበት። ሁለት ወር ያህል ቆይተው አንድ ጊዜ ያስለኩት፤ ከወረደ በየወሩ እየለኩ መጨነቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው። «በእርግጥ ካንሰር አይደለም?»

ከስትሩማ ኦቫሪ ውስጥ ካንሰር የሚገኝባቸው አሉ፤ ከ100 ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ከኦቫሪው አልፎ የሚሠራጨው ጥቂቱ ነው። የሚገኘው ካንሰር የታይሮይድ ካንሰር ነው፤ ሥጋው ታይሮይድ ስለሆነ የሚታመመውም እንደ ታይሮይድ ነው። በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ የሚባለው ሲሆን እኛ የምናውቀው በሕዋሱ አስኳል መልክ ነው፤ አስኳሎቹ ያብጣሉ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ይመስላል፣ እንደ ቡና ፍሬ መሐላቸው ላይ ስንጥቅ ያወጣሉ፣ ተጠጋግተው ይነባበራሉ። ይህን ያየ ፓቶሎጂስት አያመነታም። የሚያስቸግረው ሌላው፣ ፎሊኩላር የሚባለው ነው። አንገት ላይ ይህን ካንሰር የምንለየው ዕጢው የተጠቀለለበትን ሽፋን ሰብሮ መውጣቱን አይተን ነው። ኦቫሪ ውስጥ ያለ ስትሩማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽፋን የለውም። ሰብሮ ወጣ የምንልበት አጥር ሳይኖር እንዴት እንፍረድ? ለዚህ ነው ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ስትሩማዎች በማይክሮስኮፕ ፍጹም ጨዋ መስለው ከዓመታት በኋላ ሆድ ውስጥ ሌላ ቦታ በቅለው የሚገኙት። ድሮ እነዚህን ካንሰር ያልሆነ ሥርጭት እንላቸው ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ መልኩን የደበቀ ፎሊኩላር ካንሰር አድርገን ነው የምናያቸው።

ይህን የነገርኩዎት ላስፈራራዎት አይደለም። ላነበቡት ውጤት ክብደት የሚሰጡት የትኞቹ መስመሮች እንደሆኑ እንዲያውቁ ነው። የውጤቱን ወረቀት ያውጡትና ከእኔ ጋር ይዩት። በላይኛው ክፍል ዕጢው ሲደርሰን የነበረበት ሁኔታ ይጻፋል፤ ሳይፈነዳ በሙሉ ነው የመጣው ወይስ ተከፍቶ? በሆድ ውስጥ ከፈነዳ ኮሎይድና የታይሮይድ ሕዋስ ሊረጭ ስለሚችል ክትትሉ ጠበቅ ይላል። ዝቅ ብሎ ስንት ቦታ ናሙና እንደተወሰደ ይገኛል። የእኛ ልማድ ለእያንዳንዱ የዕጢ ሳንቲ ሜትር ቢያንስ አንድ ቁራጭ ማየት ነው፤ ከ8 ሳንቲ ሜትር ዕጢ ሁለት ቁራጭ ብቻ ታይቶ «ካንሰር የለውም» ከተባለ እኔ አልረካም፣ እርስዎም እንዲታከልበት የመጠየቅ መብት አለዎት። ሥጋው አይጣልም፤ በፓራፊን ሰም ተቀብሮ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፣ ከወራት በኋላም ቢሆን አዲስ ስላይድ ይወጣለታል። ከዚያ ኦቫሪው በውጪ ፊቱ ላይ ምንም የበቀለበት እንደሌለ፣ ሆድ ውስጥ የነበረው ውኃ ለምርመራ ተልኮ ከሆነም ሕዋስ ታየበት ወይስ አልታየበትም የሚለውን ይፈልጉ። እነዚህ ሁሉ መልስ ካላቸው «የካንሰር ምልክት አልታየበትም» የሚለው ዐረፍተ ነገር መሠረት ያለው ነው።

ሁለተኛ ዐይን ይታይልኝ ማለት ነውር አይደለም። እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር ሲያጋጥመኝ እኔ ራሴ ስላይዱን ይዤ የታይሮይድ ሥራ ወደሚያዘወትረው ባልደረባዬ ክፍል እሄዳለሁ። ጥርጣሬ ካለ ታይሮግሎቡሊንና ቲቲኤፍ 1 በሚባሉ ቀለሞች እናረጋግጣለን፤ ሥጋው ሁለቱንም ቀለሞች ከያዘ ታይሮይድ መሆኑ አያጠያይቅም። አንድ የምወደው ቀላል ዘዴም አለ፤ ኮሎይድ ውስጥ አንዳንዴ የካልሲየም ኦክሳሌት ብናኝ ይኖራል፣ በተለየ ማጣሪያ ብርሃን ሲታይ ጨለማው ውስጥ እንደ ከዋክብት ያበራል። በተለይ ሲስቱ ባዶ ሆኖ የታይሮይዱ ሥጋ ግድግዳው ውስጥ ብቻ ተደብቆ ሲገኝ ይህ ብልጭታ ብዙ ጊዜ አውጥቶኛል።

አሁን ቀድሜ ወደጠቆምኩት የሆርሞን ምርመራ ልምጣ። ይህ ሥጋ ታይሮይድ ከመሰለ እንደ ታይሮይድም ሊሠራ ይችላል። አብዛኛው አይሠራም፣ ወይም የሚሠራው እዚህ ግባ የማይባል ነው። ከ100 ከ5 እስከ 8 በሚሆኑት ግን ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል፤ ሴትየዋ ትከሳለች፣ ልቧ በፍጥነት ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አትችልም። አንገቷ ሲዳሰስ ምንም የለም። በአዮዲን ጨረር ሲታይ ደግሞ አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ እንደተኛ ይሆናል፣ የሚያበራው ዳሌዋ ውስጥ ያለው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ትንሽ ዕጢ ደም ውስጥ ሆርሞን መብዛቱን እንጂ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ስለዚህ «ሥሩ» የሚለውን ትእዛዟን፣ ቲኤስኤችን ትቀንሳለች፤ ምንም ያላጠፋው የአንገት ዕጢም አብሮ ሥራ ይፈታል።

ዕጢው ሲወጣ ምን ይሆናል? ቲ 4 የሚባለው ሆርሞን ደም ውስጥ በየሰባት ቀኑ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ በጥቂት ሳምንት የነበረው ሁሉ ያልቃል። የአንገቱ ዕጢ ግን ከእንቅልፉ ለመንቃት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በመሐሉ ሴትየዋ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድርቀት፣ ድብርት ይይዛታል፤ እሷም ሰዉም ከቀዶ ሕክምናው አላገገመችም ይላል። ጥቂቶች ደግሞ የአንገታቸው ታይሮይድ ከድሮም ሃሺሞቶ በሚባለው ሕመም የደከመ ሆኖ ሳለ የኦቫሪው ሲደጉመው የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ድጎማው ሲቋረጥ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ቲኤስኤችና ነፃ ቲ 4 ከቀዶ ሕክምናው 6 ሳምንት በኋላ ይለኩ፤ ካልተስተካከለ ከሁለት ወር በኋላ ይደገም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተወሰደውን ደም ላቦራቶሪው አስቀምጦ አይጠብቅዎትም፣ ያለፈው አልፏል። ልብዎ በፍጥነት ይመታ ነበር? ክብደት ቀንሰው ነበር? ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩት፤ ቁጥሩን ለማንበብ ይረዳዋል።

አክስትዎ የመከሩዎት ከባዶ የመጣ አይደለም፤ የሆነ ቦታ ሰምተውታል። ስትሩማው ካንሰር ሆኖ ሲገኝ፣ በተለይ ሲሠራጭ፣ የአንገት ታይሮይድ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የሚወጣው ግን ታሞ አይደለም። ቀሪ የካንሰር ሕዋስን የምንገድልበት የጨረር አዮዲን ሲሰጥ ጤናማው ታይሮይድ ቀድሞ ጠጥቶ ስለሚጨርሰው ነው፤ ደግሞም ታይሮግሎቡሊን በደም ውስጥ ሲለካ ከጤናማው ይምጣ ከካንሰሩ እንዳያደናግር ነው። እርስዎ የሚገደል ሕዋስ የለዎትም፣ የሚከታተሉት የካንሰር ምልክትም የለም። ታዲያ ጤነኛ ዕጢ አውጥቶ ዕድሜ ልክ ኪኒን መዋጥ ለምን? ካንሰር በተገኘባቸውም ቢሆን በኦቫሪ ብቻ ተወስኖ ትንሽ ከሆነ የአንገቱን ሳይነኩ መከታተልን የሚመርጡ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ለአክስትዎ እንዲህ ይበሏቸው። አንገትዎን በአልትራሳውንድ አንድ ጊዜ ማየት ግን አልቃወምም፤ ሕመም የለውም፣ ልብም ያሳርፋል።

ስለ መውለድ የምለው አጭር ነው፣ ምክንያቱም መልሱ አጭር ነው። ያለው አንድ ኦቫሪ የሁለቱን ሥራ ይሠራል፤ የወር አበባዎ መምጣቱን ይቀጥላል፣ እንቁላልም ይለቅቃል። ከቀዶ ሕክምናው ካገገሙ በኋላ ይህን ያህል ወር ጠብቂ የሚል ሕግ የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ የታይሮይድ ሆርሞንዎ ሳይስተካከል አያርግዙ። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው፣ የእናት ታይሮይድ ሲበዛም ሲያንስም ውርጃን ያበዛል። እርግዝና ካሰቡ ውጤቱን ለማሕፀን ሐኪምዎ ያሳዩት። የጨረር አዮዲን ምርመራ ላድርግ ወይ ብለው ከሆነ ደግሞ፣ ሆርሞንዎ ካልተዛባ አያስፈልግዎትም፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት ጭራሽ አይሰጥም።

ክትትሉን በተመለከተ ሁሉም የተስማማበት መርሐ ግብር የለም። እኔ ብሆን በዓመት አንድ ጊዜ የዳሌ አልትራሳውንድ ለጥቂት ዓመታት እንዲታይልኝ እጠይቅ ነበር። ይህ ለስትሩማው ብቻ አይደለም፤ ቴራቶማ ካለባቸው ከ10 ሴቶች በአንዷ ገደማ በሌላው ኦቫሪም ይገኛልና የቀረዎት አንድ ስለሆነ ገና ትንሽ ሳለ ቢገኝ፣ ኦቫሪውን ሳይነኩ ሲስቱን ብቻ አውጥቶ ማዳን ይቻላል። ዕጢው ፈንድቶ ከነበረ ክትትሉ ይርዘም። ሆድዎ እንደገና ቢነፋ፣ ወይም ያለ ምክንያት ልብዎ በፍጥነት መምታት ቢጀምር፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ፤ ሲሄዱም የፓቶሎጂውን ወረቀት ይያዙ። አዲስ ሐኪም «ኦቫሪዬ ላይ ታይሮይድ ነበረብኝ» ቢሏቸው ያልገባዎት ነገር እንዳለ ይመስላቸዋል፤ ወረቀቱ ከክርክር ያድንዎታል።

ጨውዎን አይተዉ። አዮዲን ስትሩማን አይፈጥርም፣ መተዉም አይከላከልም። ሆርሞንዎ ከፍ ብሎ ከተገኘና የጨረር ምርመራ ከታዘዘ ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ ቀንሱ ሊልዎት ይችላል፤ ከዚያ ውጪ የአንገትዎ ታይሮይድ ሥራውን የሚሠራው በዚያው አዮዲን ነው፣ ልጅ ካሰቡ ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልግዎታል።